ደሴ ላይ ቤት ስታሳምሩ ከእርጥበቱ ጀምሩ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጣ። ሲመለስ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ የጠበቀው ጥቂት አይደለም። እኔም ባዶ ቤት እንደገና ከሞሉት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህም የዘመድና የጎረቤት ቤት ሲታደስ አብሬ ስቀባ፣ ስለካና አናጺ ዘንድ ስመላለስ ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው በትንሽ ገንዘብ ከባዶ ለሚጀምር ሰው ነው፤ አዲስ ተጋቢ ይሁን፣ በሥራ ተዛውሮ የመጣ ይሁን፣ ወይም የፈረሰ ኑሮውን ዳግም የሚያቆም። አብሽሩ፣ ቤት በአንድ ወር ሞልቶ አያውቅም፤ ቀስ ብሎ የተሞላ ቤት ደግሞ ባለቤቱን ይመስላል።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቤታቸው አንድ ዓይነት አያያዝ አይወድም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የጦሳን ተራራ ተደግፋ ተቀምጣለች። ክረምት ላይ ጉሙ አርፍዶ ነው የሚገፈፈው፤ የበልጉ ዝናብ ሲገባ ደግሞ ደርቆ የነበረው ግድግዳ እንደገና ይረጥባል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ወረድ ብላ ቦርከና ወንዝ ዳር ናትና የእሷ ችግር ሙቀት፣ አቧራና የወባ ትንኝ ነው። ደሴ ላይ ደስ የሚለው ወፍራም መጋረጃ ኮምቦልቻ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ኮምቦልቻ ላይ የሚያምረው ነጭ ግድግዳና ባዶ ሊሾ ወለል ደሴ ላይ ሐምሌን አያሻግርም። ከስልክ ላይ ያያችሁትን የሌላ አገር ሳሎን ለመቅዳት ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ልዩነት አስቡት።

ምንም ሳትገዙ ቤቱን ለኩ። አንድ ሜትርና የሒሳብ ደብተር ይበቃል። የደብተሩን አንድ ትንሽ ካሬ 20 ሴንቲ ሜትር ብላችሁ ያዙ፤ 4 በ3.5 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ካሬ በ17 ካሬ ተኩል ይሆናል። በርና መስኮቱን፣ ሶኬቱን፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት አስገቡበት። ከዚያ ዕቃውን በዚያው ልክ ከካርቶን ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ አንቀሳቅሱት። 1.50 በ2.00 ሜትር የሆነ አልጋ 7 ካሬ ተኩል በ10 ነው። ቁምሳጥን 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፤ መዝጊያው እንዲከፈትና ሰው ፊቱ እንዲቆም ደግሞ ሌላ 60 ይፈልጋል። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ከ60 ሴንቲ ሜትር ካነሰ በየቀኑ ጉልበታችሁ ከዕቃው ጋር ይጋጫል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን በሩን ነው። 80 ሴንቲ ሜትር የተባለ በር መዝጊያው ተከፍቶ ሲለካ 75 ላይሞላ ይችላል። ደሴ ውስጥ ደግሞ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ቤት፣ የደረጃ ጥምዝና ጠባብ መተላለፊያ ብዙ ነው። ሶፋው ተገዝቶ ደጅ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስታሠሩ ለሁለት የሚከፈልና እግሩ በቡሎን የሚወልቅ አድርጉት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በእጃችሁ ያለውን 100 ብር ነው ብላችሁ ብታስቡት፣ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ 30 ብሩ ለጣሪያ፣ ለግድግዳና ለቀለም፤ 30 ለመኝታና ለመቀመጫ፤ 15 ለመጋረጃና ለወለል፤ 10 ለመብራት፤ 5 ለጌጥ። ቀሪው 10 መሃል ላይ ለሚመጣ ያልታሰበ ወጪ ነው፤ እሱን አትንኩት። እቁብ የሚደርሳችሁ ከሆነ ዕጣው በወጣ ማግስት ገበያ አትውጡ። የሚገዛውን በወረቀት ጽፋችሁ አንድ ሳምንት አሳድሩት፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ራሱን የሚሰርዝ ነገር አይጠፋም።

አሁን ወደ እርጥበቱ። ደሴ ላይ ቀለም የሚያነሳው፣ ሶፋ የሚያሸተው፣ ቁምሳጥን ውስጥ ልብስ የሚያሻግተው እሱ ነው። ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ምንጩ ሦስት ነው። ከመሬት የሚወጣው ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ወይም ወገብ ድረስ ግድግዳውን ያጠቁረዋል፤ ሲደርቅ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ከጣሪያ የሚወርደው ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ እየሠራ ይታያል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ክቡ ይሰፋል። ሦስተኛው ከራሳችን ትንፋሽ፣ ከወጥ ቤት እንፋሎትና ቤት ውስጥ ከሚሰጣ ልብስ የሚመጣው ነው፤ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ግድግዳው ያልበዋል። ይሄኛው ጥቁር ሻጋታ የሚያበቅለው ጥግ ላይና ከቁምሳጥን ጀርባ ነው።

የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ ቀላል ፍተሻ አለ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አሽጉት። ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ እዩት። ውሃው ላስቲኩ ላይ ወደ እናንተ ባለው ገጽ ካረፈ ችግሩ የቤቱ እንፋሎት ነው። በላስቲኩና በግድግዳው መሃል ከተጠራቀመ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል።

ከመሬት ለሚወጣው መድኃኒቱ ውጭ ነው። አፈሩ ከቤቱ ወለል በላይ ወይም እኩል ከሆነ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ አንሱት። ከአሸንዳ የሚወርደውን ውሃ በቱቦ ከመሠረቱ አርቁት። ዳገቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ከቤቱ በላይ በኩል ውሃውን ወደ ጎን የሚያስት ቦይ ቆፍሩ። ይህ አካፋና ጉልበት እንጂ ብዙ ብር አይጠይቅም፤ ከየትኛውም ውድ ቀለም የበለጠም ይሠራል። ለጣሪያው፣ የላላውን የቆርቆሮ ምስማር ነቅላችሁ ወፈር ባለ ባለጎማ ምስማር ተኩት። ይህንን ሰኔ ሳይገባ ጨርሱ፤ ክረምት ከገባ በኋላ ሠሪ ማግኘትም፣ ደረቅ ቀን ማግኘትም ይቸግራል። ለእንፋሎቱ ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ መስኮቱን ፊትና ኋላ ለሩብ ሰዓት ከፍቶ ማናፈስ፣ ልብስ በረንዳ ላይ ማስጣት፣ ትልልቅ ዕቃ ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ይበቃል።

የበቀለውን ሻጋታ በደረቁ አትጥረጉት፤ ዱቄቱ ቤቱን ሙሉ ይዞራል፣ ለመተንፈሻም ጥሩ አይደለም። የሲሚንቶ ልስን ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለአሥር እጅ ውሃ ቀላቅሉ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በስፖንጅ ቀቡትና ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥረጉት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

እግረ መንገዴን አንድ የማልዘለው ነገር አለ። ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና ከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ ሰው አለ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የተዳፈነ ፍምም ያው ነው። ቤቱ እንዲሞቅ የሚያስፈልገው ኮርኒስ፣ መጋረጃና የወለል ምንጣፍ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀቱን በሙሉ ይለቀዋል። ለቺፑድ ወይም ለጂፕሰም አቅም ከሌለ በደንብ የተወጠረ አቡጀዲ ወይም ነጭ የማዳበሪያ ጨርቅ እንኳ ልዩነቱ ይሰማል።

ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ሌላ ሕግ አለው። ብዙ ሰው ዘመናዊ እንዲሆንለት ብሎ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ይለስናል። ጭቃ በረጠበና በደረቀ ቁጥር ያብጣል፣ ይጨማደዳል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። ስለዚህ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሰነጠቅና በሉህ በሉህ ይረግፋል። የዘይት ቀለምም ያው ነው፦ ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ውኃ እንደቋጠረ ቆዳ ያነሳዋል። ለጭቃ ቤት የሚስማማው የአባቶቻችን መንገድ ነው። ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት የከረመ ጭቃ ስንጥቁን ይሞላል፣ ከዚያ ስስ ማለስለሻ፣ በመጨረሻ የኖራ ቅብ። ኖራውን ማታ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ በወንፊት አጥልላችሁ እንደ ወተት እስኪቀጥን ውሃ ጨምሩና አንድ እፍኝ ጨው አድርጉበት። ወፍራም አንድ ቅብ ይላጣል፤ ስስ ሦስት ቅብ ግን ይይዛል። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ፤ ኖራ ያቃጥላል። ቀለም ከፈለጋችሁ ትንሽ ቢጫ ወይም ቀይ የሲሚንቶ ቀለም ዱቄት ጨምሩበት፤ ሲደርቅ ነጣ ብሎ እንደሚወጣ አትርሱ።

የብሎኬት ቤት ከሆነ አዲስ ልስን አራት ሳምንት ሳይሞላው አትቀቡ፤ ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ ጠብቁ። ትኩስ ሲሚንቶ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ያዥጎረጉረዋልም። የሚቀባበት ምርጥ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው፤ ፀሐዩ ደረቅ፣ አየሩ ንጹሕ ነው። የቀለሙን መጠን በግምት አትግዙ። 4 በ3.5 ሜትር የሆነው ክፍላችን ዙሪያው 15 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.70 ከሆነ 40 ካሬ ሜትር ተኩል ግድግዳ ይመጣል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 37 ይቀራል። ጥሩ የፕላስቲክ ቀለም አንድ ሊትሩ ለስላሳ ግድግዳ ላይ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሁለት ቅብ ማለት 74 ካሬ ሜትር ነውና ከ8 ሊትር ትንሽ በላይ ያስፈልጋል። ጋሎን ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቡ፤ ጋሎን የሚባለው ሁሉ እኩል አይይዝም። ቀለሙ የሚበጠበጥ ከሆነ የክፍሉን በሙሉ በአንድ ባልዲ በጥብጡት፤ ሲያልቅ ተመልሶ ያንኑ መልክ ማምጣት አይቻልም።

አሠራሩ ይህ ነው። ያረጀውን ቀለም የላላውን ብቻ ፋቁ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ። አቧራ ላይ የተቀባ ቀለም ጣት ሲነካው ይነሳል። የመጀመሪያውን ቅብ ሩብ ያህል ውሃ ጨምራችሁ አቅጥኑት፣ ግድግዳው እንዲጠጣው። ጥግና ጠርዙን በብሩሽ፣ ሜዳውን በሩሎ ሥሩ፤ ጠርዙ ሳይደርቅ ሜዳው ካልደረሰበት መስመር ይታያል። በሁለቱ ቅብ መካከል ኮምቦልቻ ላይ አራት ሰዓት ሊበቃ ይችላል፤ ደሴ ላይ ግን አሳድሩት። ጀሶ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይና ከመሬት እርጥበት የሚወጣበት ታችኛው ክፍል ላይ አታድርጉ፤ ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል።

ቀለም ምርጫ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ደሴ ላይ አሁን የበዛው ግራጫ ሳሎን በጉም ቀን ያሳዝነኛል። የደሴ ብርሃን ራሱ ሰማያዊና ቀዝቃዛ ነው፤ ግራጫ ሲጨመርበት ቤቱ ቀን ለቀን የመሸ ይመስላል። ክሬም፣ ፈዘዝ ያለ የማር ቀለም ወይም የገለባ ቀለም ያንኑ ብርሃን ያሞቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ነጭና ፈዛዛ አረንጓዴ ዓይን ያሳርፋል፤ በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ በተለይ ጠቆር አታድርጉት፤ የከሰዓት ፀሐይ ያግለዋል። ሁለቱም ጋ ኮርኒሱ ነጭ ይሁን። መርጠናል ካላችሁ በኋላ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ቀብታችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአምፖል እዩት። ሱቅ ውስጥ ያማረው ቀለም ማታ አምፖል ሥር ሌላ ነው።

ስለዚህ አምፖሉንም አብራችሁ ምረጡ። ማሸጊያው ላይ 3000 ኬ የተባለው ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ነው፤ 6500 ኬ የተባለው ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ሳሎንና መኝታ ቤት 3000፣ ወጥ ቤትና ልጆች የሚያጠኑበት ቦታ 4000 ወይም ከዚያ በላይ። 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ መሃል ኮርኒስ ላይ አንድ ትልቅ ከምትሰቅሉ ሁለት መካከለኛ መብራት በተለያየ ቦታ ብታደርጉ ክፍሉ ሰፋ ይላል። ከስፌት ወይም ከቀርከሃ የተሠራ መሸፈኛ ግድግዳው ላይ ደስ የሚል ጥላ ይጥላል፤ ግን በኤልኢዲ አምፖል ብቻ፣ አምፖሉና ስፌቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው። አሮጌው የሚግለው አምፖል ስፌት ያቃጥላል።

መጋረጃ ክፍሉን በትንሽ ገንዘብ የሚለውጥ ነገር ነውና አትቸኩሉበት። ብረቱን ከመስኮቱ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ በግራና በቀኝም 20 ሴንቲ ሜትር ተርፎ እንዲወጣ አድርጋችሁ ስቀሉ። ሲከፈት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ያርፋልና መስኮቱ ሙሉ ብርሃኑን ያስገባል፤ ትንሹ መስኮትም ትልቅ ይመስላል። የጨርቁ ስፋት የብረቱ እጥፍ ይሁን። 1.20 ሜትር ለሆነ መስኮት ብረቱ 1.60 ነው፣ ጨርቁ ደግሞ 3 ሜትር ገደማ። ከብረቱ እስከ ወለል 2.30 ከሆነ ለእጥፋት 20 ጨምሩ፤ 1.50 ስፋት ካለው ጨርቅ ሁለት ጊዜ 2.50፣ ማለትም 5 ሜትር ትገዛላችሁ ማለት ነው። ጥጥ ከሆነ ሳይሰፋ በፊት እጠቡት፤ ታጥቦ ከወለሉ አንድ ስንዝር የተንጠለጠለ መጋረጃ መፍትሔ የለውም። ደሴ ላይ ከኋላው አቡጀዲ ገበር ይሁንለት፤ ብርዱን የሚይዘው በሁለቱ ጨርቅ መሃል የሚቀረው አየር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ፣ ከእሱ በፊት ግን መስኮቱ ላይ የትንኝ ወንፊት። አልጋችሁንም አጎበሩ ከአራቱም ጎን ወርዶ ፍራሽ ሥር የሚገባበት ቦታ ላይ አስቀምጡ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አልጋ አጎበሩን ያጣምመዋል።

መቀመጫ ላይ ሳሎኑ ጠባብ ለሆነና እንግዳ ለሚበዛበት የወሎ ቤት መጅሊስን፣ ማለትም ዝቅ ያለውን የስፖንጅ ፍራሽ መቀመጫ፣ የሚያህል የለም እላለሁ። ለሶፋ ከሚወጣው በጥቂቱ ብዙ ሰው ያስቀምጣል፣ ማታ ለእንግዳ መኝታ ይሆናል። ሚስጥሩ ስፖንጁ ላይ ነው። ስፖንጅ በውፍረቱ ብቻ አይገዛም፤ በጥግግቱ ነው። ለመቀመጫ በኪዩቢክ ሜትር 30 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ የሆነው ዓመታት ይቆያል፤ ቀላሉ በወራት ውስጥ መሃሉ ይጎደጉዳል። ቁጥሩ ካልተጻፈበት በጉልበታችሁ ተጫኑት፤ ወለሉ ከተሰማችሁ ተዉት። 1.80 በ70፣ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ፍራሽ ላይኛውን ጨርቅ 1 ሜትር በ2.10 ቁረጡ፣ ሥሩን በአቡጀዲ ጨርሱት። ከ1.50 ስፋት ጨርቅ 50 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ከዚያ ቁራጭ አራት ካሬ ይወጣል፣ ሁለት ባለ 45 ትራስ ማለት ነው። ዚፕ አስገቡበት፣ ካልታጠበ መጅሊስ ያሸታል። ደሴ ላይ ፍራሹን በቀጥታ ሊሾ ላይ አታስቀምጡ። ከሞራሌና ከጣውላ ሳንቃው መሃል ክፍተት ያለው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ርብራብ አሠሩለት፤ አለዚያ በአንድ ክረምት ሥሩ ይሻግታል።

ወለል ላይ የሚነጠፈው ፕላስቲክ ምንጣፍ ርካሽና ለማጽዳት ቀላል ነው፤ የሚረጥብ ወለል ላይ ግን እርጥበቱን አፍኖ ያጠቁረዋል። መጀመሪያ በላስቲኩ ፍተሻ ወለሉን ሞክሩ። ደረቅ ከሆነ ምንጣፉን ዘርግታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት፣ ይለቀቅ፤ ከዚያ ከግድግዳው ትንሽ ቀንሳችሁ ቁረጡት፤ ጥብቅ ተደርጎ የተቆረጠ ሙቀት ሲያገኝ ያብጣል። እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሰሌን፣ ላዩ ላይ ባና ወይም ዝተት አንጥፉ፤ እነዚህ ይተነፍሳሉ፣ ተነስተውም ፀሐይ ይመታሉ። ደገኛው ሸማኔ የሚሠራው የሱፍ ሥራ ለደሴ ብርድ የተፈጠረ ነው፤ ዋጋው ከውጭ ከመጣ ምንጣፍ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አይከብድም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ቀለም የገባበት ከሆነ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ጨርቁ ከቀላ ሌላውን ዕቃችሁን ያበላሻል። ብል እንዳይገባው በየጊዜው ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አራግፉት። ሰሌንና የቆዳ ሥራ ለሚፈልግ የባቲ የሰኞ ገበያ መንገዱ ያዋጣል፣ በተለይ ለኮምቦልቻ ሰው።

ጌጡን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ትንሽ ገንዘብ ስለሚበቃው ነው። ቤቱ የእናንተ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከምትወዱት አንድ ዕቃ ተነሱ፤ ለምሳሌ እናታችሁ ከሰፋችው ሰፌድ። ቀለሞቹን እዩ፤ የገለባው ቀለም ለግድግዳው፣ ከውስጡ አንዱ ለመጋረጃና ለመጅሊሱ፣ ደማቁ ለትራስ ብቻ። ሦስት ቀለም ይበቃል። ሰፌድ፣ ሌማትና ሙዳይ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድሩ፣ ከዚያ በጋዜጣ ልካቸውን ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ አንድ ቀን እዩት። የድርድሩ መሃል ከወለሉ 1.50 ሜትር ያህል ይሁን፣ በመካከላቸው ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር። ብሎኬት ከሆነ በ6 ሚሊ ሜትር ሰርስራችሁ ፊሸርና ቪቴ አድርጉ። የጭቃ ግድግዳ ምስማር አይይዝም፤ በእጃችሁ እየመታችሁ ድምፁ ደፈን የሚልበትን ማገሩንና ምሰሶውን ፈልጉ፣ ቀጭን ጣውላ በአግድም እዚያ ላይ ምቱ፣ ዕቃውን ከጣውላው ስቀሉ። ከጀርባቸው ትንሽ ቡሽ አድርጉ፣ አየር እንዲያልፍ። ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ግን አይሁኑ፤ የስንደዶና የአክርማው ቀለም በአንድ በጋ ይነጣል።

የቡናውን ቦታም በእቅድ ያዙት፤ 1.20 በ1.20 ሜትር የሆነ ጥግ፣ መስኮት ወይም በር አጠገብ፣ ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ። ወለሉ እንዳይጠቁር ማንደጃው ሥር የሸክላ ወይም የሴራሚክ ቁራጭ ይኑር። የእጣኑና የቡናው ጭስ ኮርኒሱን ቢጫ ያደርገዋልና ከዚያ በላይ ያለውን በሚታጠብ ቀለም ቀቡ።

አናጺ ዘንድ ስትሄዱ ልኩን በወረቀት ሥላችሁ ሂዱ፣ ቀብዱም ከግማሽ አይብለጥ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መሳቢያውም አይገባም፤ እንጨቱ የተቆረጠው መቼ እንደሆነ ጠይቁ፣ አንስታችሁም ክብደቱን መዝኑ። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ቁምሳጥን ደሴ ላይ ከታች ያብጣልና የ10 ሴንቲ ሜትር የብረት ወይም የእንጨት እግር ይደረግለት። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ከሥሩ ደቃቅ ዱቄት መኖሩን እዩ፤ ዱቄት ካለ ነቀዝ አለው፣ ወደ ቤት ከገባ ወደ ሌላውም ይዛመታል።

ተከራይ ከሆናችሁ ከቤቱ ጋር የሚቀረውንና አብሯችሁ የሚሄደውን ለዩ። ጣሪያ፣ ኮርኒስ፣ ቦይና ቀለም ለቤቱ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ። የቁሳቁሱን ደረሰኝ ይዛችሁ ከኪራዩ እንዲታሰብ፣ ይህም በወረቀት ሰፍሮ ሁለታችሁም እንድትፈርሙበት አድርጉ፤ ጥሩ ጉርብትና የሚጸናው በተጻፈ ነገር ነው። መጋረጃ፣ መጅሊስ፣ ዝተትና የመብራት መሸፈኛ የእናንተ ናቸው፤ የሚቀጥለው ቤት መስኮት ሊሰፋ ይችላልና የመጋረጃውን እጥፋት ሰፊ አድርጋችሁ አሰፉ። የተረፈውን ቀለም በደንብ ክደኑና ላዩ ላይ ክፍሉን፣ የተበጠበጠበትን መጠንና ቀኑን ጽፋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ ልጆች ግድግዳው ላይ ሲጽፉ ሙሉ ክፍል ከመቀባት ያድናችኋል።